ለእርቅ ሄጄ ሙሽራ ጣልኩ

ወሬው እኔን ቀድሞ ሰፈሬ ቱሉ ዲምቱ ገብቷል። ስለዚህ ከሌላ ሰው ተጣሞ ከምትሰሙት፣ እኔው በትክክል ልጻፈው።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የልጅነት ጓደኛዬን ልታረቅ ቤቱ ሄጄ፣ በአባቱ ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ምንጣፍ ላይ በአፍጢሙ ደፋሁት።

ሆን ብዬ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው።

ይህን ፔጅ የምትከታተሉ አርባ አንድ ሰዎች ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ቢኒያም እባላለሁ። ቃሊቲ አንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀን የቆርቆሮ ውፍረት እለካለሁ፤ ከሥራ መልስ ካራቴ እሠራለሁ። አስተማሪ የለኝም። የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። አንዱን ቪዲዮ በስሎው ሞሽን ሠላሳ አርባ ጊዜ ደጋግሜ የማይ ሰው ነኝ።

እዚህ የምጽፈውም ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ የድሮው ካራቴ መንገድ ላይ በእርግጥ ራስን ያስጥላል ወይ?

ካታ የሚባል ነገር አለ። ብቻህን ቆመህ፣ በሌለ ሰው ላይ፣ በቅደም ተከተል የምትሠራው መከላከልና ምት ነው። ከሩቅ ለሚያየው ጭፈራ ይመስላል። እኔ ግን በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ውስጥ ወይ እጅ የሚያስለቅቅ ወይ ሰው የሚጥል ነገር እንዳለ አምናለሁ። ማመን ብቻ ሳይሆን ለሰው ማስተማር ጀመርኩ።

ሰው ስል ሰዒድን ማለቴ ነው። ሌላ ተማሪ አልነበረኝም።

ሰዒድ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ጋሽ ሙሄ ከወሎ መጥተው አቃቂ የከተሙ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው። አሁን መኪናውን የሚነዳው ሰዒድ ነው። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ እሱ ለሁለታችንም ያወራል። በዚህ ሁኔታ አሥራ አምስት ዓመት ተስማምተን ኖረናል።

ባለፈው ዓመት እጅ ማስለቀቅ አስተማርኩት። ሰው የእጅህን አንጓ ሲይዝህ፣ በአውራ ጣቱ በኩል አዙረህ ታወጣለህ። ሁለት ወር ሠራንበት።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ መኪናውን አቁሞ ቁርስ ሊበላ ሲሄድ፣ ሁለት ልጆች ያዙት። አንደኛው አንጓውን ጨመደደ። ሰዒድ እንዳስተማርኩት አዞረ። እጁም ወጣ።

ስለ ሁለተኛው ልጅ ግን አላስተማርኩትም ነበር።

ስልኩ ሄደ። የፊት ጥርሱም ግማሹ ሄደ።

ከንፈሩ አብጦ በቀጥታ እኔ ጋ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን "እንኳን ተረፍክ" ይለዋል፤ ውሃ ይሰጠዋል፤ ያቅፈዋል። እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ?

"ግራ እግርህ የት ነበር?"

አዎ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት።

ይህም አልበቃኝም። እግሩ ግማሽ እርምጃ ወደ ውጭ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ልጅ እንደማይደርስበት ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት። ሰዒድ ወረቀቱን አየ። እኔን አየኝ። ምንም ሳይናገር ወጣ። እሱ ምንም ሳይናገር የወጣበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ዓመት ሙሉ ተኮራረፍን። ድሮ በፋብሪካችን በር ሲያልፍ ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋልኝ ነበር። አሁን መስኮቱን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ያልፋል። በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚያልፈው። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ይቅርታ እንደመጠየቅ፣ ስህተቱ የት እንደነበር ማጥናት ጀመርኩ። በካራቴው በኩል ማለቴ ነው።

ደረስኩበትም። ችግሩ ማሰቡ ነው። ሰዒድ እጁን ሲያስለቅቅ እያሰበ ነበር፤ ማሰብ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። እንቅስቃሴው ከሐሳብ ቀድሞ መምጣት አለበት።

ስለዚህ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ መረጥኩ። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውን፣ ወደ ታች መከላከል የሚባለውን። አንዱ እጅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ወገብ ይመለሳል። ብዙ ሰው ወደ ወገብ የሚመለሰው እጅ ለማሳመሪያ ይመስለዋል። አይደለም። የያዘውን ይዞ ነው የሚመለሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ቀኝ እጅህን ይዞ ወደ ራሱ ይስብሃል፤ ትከሻውን አስቀድሞ ይመጣብሃል። አትታገለውም፤ ከስበቱ ጋር አብረህ ትገባለህ። የያዘህን እጅ መልሰህ ይዘህ ወደ ወገብህ ታመጣለህ። የግራ ክንድህ ከክርኑ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ያርፋል። ወገብህን ታዞራለህ። ሰውዬው በፊቱ ይወርዳል።

ከጎማ ውስጥ የሚወጣ ላስቲክ ገዝቼ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ብረት ላይ አሰርኩ። ላስቲኩ ቀኝ እጄን ሲስበኝ እገባለሁ፣ እዞራለሁ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ። ጎረቤቶቼ ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ "በርታ" ብለውኝ ያልፋሉ። በስምንተኛው ወር ሳላስብ መሥራት ቻልኩ። እዚሁ ፖስት አድርጌው ሰባት ላይክ አግኝቷል።

አሁን አሠራሩን የጻፍኩበትን አንቀጽ እስቲ መልሳችሁ አንብቡት።

ቀኝ እጅህን ይይዛል። ወደ ራሱ ይስብሃል። ትከሻውን አስቀድሞ ይመጣል።

እኛ አገር እንዲህ አድርጎ የሚዘርፍ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔም አላየሁም። እንዲህ የሚያደርገው ሰላም የሚላችሁ ሰው ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ስታገል የከረምኩት ከሰላምታ ጋር ነበር።

"እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታወቅህ ቀረ?" ትሉ ይሆናል። ፋብሪካ ውስጥ እጃችን ቅባት ስለሚሆን ሰላም የምንባባለው በአንገት ነው። ከፋብሪካ ውጭ ደግሞ፣ ሰዒድ ከሄደ ወዲህ፣ ትከሻ ለትከሻ የምገጫጨው ሰው አልነበረኝም።

ይህንንም ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ጋሽ ሙሄ ከትናንት ወዲያ ደወሉልኝ።

"ቢኒ ልጄ፣ ሰዒድ ሊያገባ ነው። አንተ የሌለህበትን ድግስ ደግሼ እንዴት ይዋጥልኛል? ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ናና ይህን ነገር ጨርሱልኝ።"

"እሱ እሺ ብሏል ጋሼ?"

"ዝም ብሏል። የኔ ልጅ ካልተቃወመ ፈልጎታል ማለት ነው። ታውቀው የለም?"

ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ይቅርታዬን ስልኬ ላይ ጻፍኩ። አራት ዓረፍተ ነገር። አቃቂ እስክደርስ ሦስት ጊዜ አረምኩት። ይህ እርቅ ከተበላሸ ሌላ እንደማይኖር አውቄ ነበር። ያለ እኔ ያገባል፤ ልጆቹ ስሜን ሳያውቁ ያድጋሉ፤ እኔም በሳምንት ሦስት ቀን በር ላይ ቆሜ መኪና አያለሁ።

ገባሁ። ጫማዬን አወለቅኩ። ሰዒድ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጥርሱ ዛሬም እንደተሰበረ ነው። እናቱ እትዬ ዘይነባ አንድ ሰሃን ሳምቡሳ መሃል ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ።

ጋሽ ሙሄ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፣ "ማን አጠፋ ብዬ አልጠይቅም። ከጠየቅኩ ቢኒ በወረቀት ይሥልልኛል። በሉ ተነሱና ሰላም ተባባሉ" አሉ።

ለካ ሰዒድ ነግሯቸዋል።

ቀድሞ የተነሳው ሰዒድ ነው። ትንሽ ፈገግ አለ። "አንተ ልጅ ከስተሃል" አለኝ። በዓመት ውስጥ የነገረኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። ቀኝ እጄን ያዘ። የሾፌር እጅ ታውቃላችሁ። ወደ ራሱ ሳበኝ። ትከሻው መጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የማስታውሰው እንደ ተመልካች ነው።

ቀኝ እጄ የያዘውን ይዞ ወደ ወገቤ ተመለሰ። የግራ ክንዴ ከክርኑ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ አረፈ። ወገቤ ዞረ።

ሰዒድ የሳምቡሳውን ሰሃን ለጥቂት ስቶ ምንጣፉ ላይ ወረደ።

እንዲህ አድርጌ አሳክቼ ሠርቼው አላውቅም።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ ዘይነባ ናቸው። "ያ ረቢ፣ ሙሽራዬን!"

ጋሽ ሙሄ ከተቀመጡበት አልተነሱም። "ቢኒ፣ እኔ እኮ ጨርሱልኝ ያልኩት ጸቡን ነው" አሉ።

"ክንዴን ልቀቀኝ" አለ ሰዒድ፣ አፉ ምንጣፉ ውስጥ ሆኖ።

ለካ አሁንም ቆልፌ ይዤዋለሁ። ለቀቅኩት።

"ሰዒዶ፣ ወላሂ ሳላስብ ነው" አልኩ። እኔ ክርስቲያኑ ነኝ ወላሂ ያልኩት። በዚያ ሰዓት ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ወጌሻ ተጠሩ፤ ከጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌ ናቸው። መጥተው ክርኑን ዳበሱና "እንዴት ሆኖ ነው የወደቀው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ የመለስኩት። እጁ በየት በኩል እንደተጠመዘዘ፣ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንደነበር፣ ክርኑ ምን ያህል እንደተዘረጋ በዝርዝር አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"የጣልከው አንተ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ሐኪም መስለኸኝ ነበር። በል ከኋላው ሆነህ ያዘው፤ እንዳይወራጭ።"

ያዝኩት። ጀርባውን ደረቴ ላይ አስደግፎ፣ ወጌሻው ዘይት ቀብተው ሲያሹት ጥርሱን ነከሰ። አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ኪሴ ውስጥ ናቸው። እጆቼ ደግሞ ሁለቱም ተይዘዋል። ስለዚህ ያልታረመውን ተናገርኩ።

"ሰዒዶ፣ ያን ቀን እግርህ ምንም አላጠፋም። ሁለተኛ ሰው ሊኖር እንደሚችል ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ጥርስህን ያሰበርኩት እኔ ነኝ። ከንፈርህ እየደማ ስለ እግር የጠየቅኩህም እኔ ነኝ።"

ወጌሻው ማሸታቸውን አቆሙ።

"ይህን ለማለት ክንዴን መስበር ነበረብህ?" አለኝ ሰዒድ።

"አልተሰበረም። ጅማቱ ነው ትንሽ የተወጠረው።"

አያችሁ? አያችሁ አይደል? ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ሰዒድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አመመው ብዬ አጥብቄ ያዝኩት። እየሳቀ ነበር።

"አባ፣ ይኼ ሰው አይድንም" አለ። "ሚዜዬ ይሁን። ግን ከኔ ሁለት ሜትር ርቆ ይቁም።"

አንድ ሜትር ከሃያ በቂ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተናገርኩም። ይህ ለእኔ ትልቅ እድገት ነው።

ወጌሻው አሥር ቀን መሪ እንዳይዝ አዘዙት። ሠርጉ በአሥራ አራተኛው ቀን ስለሆነ ይደርሳል። እስከዚያ መኪናውን ጋሽ ሙሄ ይነዳሉ።

ስወጣ ሁሉም ከሩቁ ተሰናበተኝ። እትዬ ዘይነባ ሳምቡሳ በፌስታል ቋጥረው፣ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው አቀበሉኝ። ሰዒድ ሶፋው ላይ ሆኖ ግራ እጁን አወዛወዘ።

ጋሽ ሙሄ ብቻ እስከ ግቢው በር ሸኙኝ። እዚያ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"ጋሼ፣ ይቅርብዎት" አልኳቸው። "ከሩቁ ይሁን። እጄ አይታመንም።"

"እኔ ፍሬኑ የማይታመን መኪና ይዤ ደሴ ደርሼ ተመልሻለሁ" አሉና እጄን ይዘው ሳቡኝ።

ግራ ክንዴ ተነሳ። ሲነሳ አየሁት። ላስቆመው አልቻልኩም። መድረሻውን ብቻ ቀየርኩለት፤ ክርናቸውን አልፎ ጀርባቸው ላይ አረፈ። ጋሽ ሙሄ ሦስት ጊዜ ትከሻዬን ገጩኝ። ሁለታችንም ቆመን ቀረን።

"አብሽር" አሉኝ። "ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣህ ሰላም ትለኛለህ። እስከ ሠርጉ ይለቅሃል።"

እሄዳለሁ። ግን ሒሳቡ አልመጣልኝም። ሚዜ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ከወሎ የሚመጡት የሰዒድ አጎቶች ደግሞ አብዛኞቹ ሾፌሮች ናቸው። በጋሽ ሙሄ ትከሻ ብቻ ለዚያ ሁሉ ሰው አልዘጋጅም።

እስቲ አቃቂና ቃሊቲ ያላችሁ፣ ለሁለት ሳምንት ትከሻችሁን የምታውሱኝ ትኖራላችሁ? ቤቱ ወፍራም ምንጣፍ ያለው ሰው ቢሆን እመርጣለሁ።