ሰይድ ለብቻው

«ማዕበል ላይ ቆሞ መንሸራተት ምን የሚሉት መዝናናት ነው? ብትሰምጥ ለእናትህ ማን ይደውላል?» አሉ ጋሽ ከድር።

«አልሰምጥም ጋሼ፤ የሆቴሉ ገንዳ ውስጥ ዋና ተምሬአለሁ» አለ ሰይድ።

ሰይድ ብሉሚንግተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ አብሮኝ የሚኖር የሆቴል ልብስ አጣቢ ነው። የሳምንት ቫኬሽኑን ኦሪገን ግዛት ባለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ሰርፊንግ ሊማርበት ለዛሬ ከሰዓት ቲኬት ቆርጧል፤ ያውም ለብቻው! አንባቢ ሆይ፣ ከእኛ ሰው ለብቻው ሽርሽር የሚሄድ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም። ጋሽ ከድርን ጨምሮ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስቀሩት የመጡትም ለዚሁ ነው።

ሰይድ ክርክሩን ተወው። የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ እግር አጥፎ እንደ ማዕበል መንሸራተቻ ሳንቃ ምንጣፉ ላይ አጋደመውና በሆዱ ተኛበት። ከዚያ እንደ ድመት ዘሎ ቆመ። ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ እኛ የማናየውን ውኃ ያይ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ ባይ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን አንድ ቃል አልመጣልኝም።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ጋሽ ከድር በመጨረሻ። «በቃ፣ አንከለክልህም። ቲኬቱን ሰርዘውና ሁላችንም እንሄዳለን! ሁለት ቫን ይበቃናል።»

ወዲያው ማን ድራይቭ እንደሚያደርግ፣ ትልቁ ድስት የማን ቤት እንዳለ፣ በጉ እዚህ ይታረድ ወይስ እዚያ፣ ሙግቱ ጦፈ። ሰይድ ቦርሳውን አንግቶ የሦስቱንም ትከሻ ተራ በተራ ሳመ።

«ብቻዬን ነው የምሄደው ጋሼ። አፉ በሉኝ።»

«ቆይ እንጂ ልጄ፣ የበጉን ነገር ሳንጨርስ!»

ሰይድ ወጣ። በሩም ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።