የሩንዳው በርና የሄኖክ እናት

ሀብታም ሰፈር ማለት ሰው ዝር እንዳይልብህ ከፍለህ የምትገባበት እስር ቤት ነው። አትቆጡ! እስረኛ እንኳ ጠያቂ አለው…

ገብቼ አይቼው ነው የማወራው። አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር፣ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኖርን። የታችኛው በር አይዘጋም፤ እንግዳችን ከደረጃው ሥር “ቤቶች!” ብሎ ይጮሃል፣ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ከዚያ መሃል ከተማ ያለችው የጎማ ሱቄ ትንሽ ስትነፋ እኔም አብሬ ተነፋሁና ሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ቤት ካልገዛሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ያገኘናት ቤት አሥራ አራት ቤቶች ባሉበት አጥር ግቢ ውስጥ ናት። ሣሩ ይታጨዳል፣ አጥሩ በኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ጎረቤት “ሃይ” ይልህና መስኮቱን ይዘጋል። ባለቤቱ “ሦስት ወር ተከራይታችሁ ሞክሯት፤ ከወደዳችኋት ትፈርማላችሁ” አለን።

ባለቤቴ ዘነበች ግን በሣር የምትታለል ሴት አይደለችም።

“ስማኝ” አለችኝ፤ “በዚህ ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእኛ ነው። ጽዋዋ ትግባ፣ አባ ቤቱን ጸበል ይርጩት፣ ከዚያ ሰኞ ትፈርማለህ። አለዚያ ብቻህን ኑርበት!”

“ምን ችግር አለው?” አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፤ ምላሴን ይቁረጠው!

ችግሩ የግቢው ኮሚቴ ደንብ ነበር። እንግዳ ከአንድ ቀን በፊት መመዝገብ አለበት፤ በር ላይ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ መግባት የለም። ዘነበች የማኅበርተኛውን ስም እየጠራችልኝ እኔ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩ። የሄኖክ እናት። የቤቲ አባት። እትዬ ትልቋ። ጋሼ ሞያሌ። አባ። አሥራ ሁለት ሰው ጽፌ፣ እጄን አራግፌ፣ ለበር ጠባቂው ለዋፉላ ሰጠሁት። ዋፉላም የሰው ስምና የአባት ስም መስሎት በአክብሮት ተቀበለኝ። አያችሁ የእኛን ጉድ?

ቅዳሜ ቀትር ላይ ስልኩ ጮኸ።

“ቦስ፣ ማታቱ ሙሉ ሰው መጥቷል። አንዳቸውም ሊስቱ ላይ የሉም።”

እየሮጥኩ ወረድኩ። ነጠላ የለበሰ ማኅበር በሙሉ ከሚኒባሱ ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊት የሄኖክ እናት ጽዋዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አቅፋለች፤ ባለፈው ወር የደገሰችው እሷ ስለሆነች የምታስረክበን እሷ ናት።

ዋፉላ መታወቂያዋን ወደ ደረቱ አስጠግቶ “ይህቺ ማማ ማን ትባላለች?” አለኝ።

“የሄኖክ እናት!”

“እሱማ ሊስቱ ላይ አለ። ኪታምቡሊሾዋ፣ መታወቂያዋ ግን ሌላ ስም ነው የሚለው። ስሟን ንገረኝ።”

አንባቢዎቼ፣ በወባ ስንቀጠቀጥ አጥሚት ያጠጣችኝ ሴት ናት። ልጇ ሲያገባ ሚዜ ነበርኩ። ስሟን ግን አላውቀውም! ዞር ብዬ በሹክሹክታ “የሄኖክ እናት፣ ለመሆኑ ስምሽ ማነው?” አልኳት።

“አሁን ነው የምትጠይቀኝ? እዚህ?”

የሌሎቹም ስም ያው ነው፤ አንዱንም አላውቀውም። ዋፉላ ግራ ሲገባው ወደ ጥቅልሉ ጠቆመ።

“ይሄስ ምንድነው?”

“ማርያም ናት!” አለችው በቁጣ።

ዋፉላ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየነካ አየው። “ጂና ሃሊፖ፣ ስሟ የለም” አለ እያዘነ፤ “ማርያም የምትባል አልተመዘገበችም።”

በዚህ መሃል የኮሚቴው ሊቀመንበር ውሻዋን አናፍሳ ተመለሰች። ስንለምናት በጥቁር መነጽሯ ውስጥ አየችን።

“ዝርዝር የሚታረመው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ያ ማታቱ ደግሞ ሣሩን ረግጧል።”

“ማዳም፣ እሳቸው እኮ ቄስ ናቸው!”

“ቄሱም ይመዝገቡ” አለችና ገባች። ውሻዋም ተከትሏት ገባ፤ መታወቂያ የጠየቀው የለም!

አፈርኩ። ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፈርኩ። ቤቴ ለመግባት አንኳኩተው የማያውቁ ሰዎች በእኔ ጉራ ምክንያት አስፋልት ላይ ቆሙ። ዘነበች ወርዳ ይህን አየች፤ ወደ ቤት ተመለሰች። ቀጥሎ ያየኋት ድፎ ዳቦውንና የጠላውን ጄሪካን በአትክልተኛው የእጅ ጋሪ ጭና ስትመጣ ነው። “ግፋ!” አለችኝ። የሩንዳው ጌታ፣ ከነሙሉ ልብሴ፣ በሊቀመንበሯ መስኮት ሥር ጋሪ ገፋሁ።

አባ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዋፉላ በሩ ላይ ወዳለችው የጥበቃ ቤት አስገብቶ የራሱን ወንበር ለቀቀላቸው። አረፍ ብለው ጸሎቱን እዚያው ጀመሩ። ጨርሰው ጸበሉን ሲያነሱ ደንገጥ አልኩ።

“አባ፣ ቤቱ እኮ ወዲያ ነው።”

“ልጄ፣ ያስገባን ይሄኛው ነው” አሉና አራቱንም ማዕዘን ረጩ። ዋፉላ ቆቡን አውልቆ ራሱን ጎንበስ አደረገ። ዳቦውን ሦስቴ ተቀበለ፤ ጠላውን ግን “ሥራ ላይ ነኝ” ብሎ በፔርሙሱ አስቀመጠው።

ሰኞ ቤቱን ያገናኘን ደላላ ለፊርማው ደወለ። ዘነበች ስልኩን ቀማችኝ።

“እንፈርማለን፤ የተባረከውን ቤት እንገዛለን።”

“የትኛውን ማዳም?”

“በሩ ላይ ያለውን፣ ዋፉላ የሚቀመጥበትን።”

“እሱማ… አይሸጥም።”

“እንግዲያው ደህና ዋል!”

ወደ ፓርክላንድስ ሦስተኛ ፎቃችን ተመልሰናል። የታችኛው በር ዛሬም አይዘጋም። የሄኖክ እናት ለሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር፤ ስሟ አስካለ ነው። ጻፉት። እናንተም አንድ ቀን ሀብታም ትሆኑ ይሆናል።