ሆጤ አዳራሽ የተቀባሁት ዱቄት

ዘረኛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም! እኔም አላውቅም። ዘረኛ ሁልጊዜ የሚኖረው ሌላ አገር ነው።

ለዚህ ይመስለኛል የሰፈራችን የቲያትር ቡድን ስለ ደቡብ አፍሪካው አፓርታይድ ሊያሳይ ነው ሲባል ሆጤ ያለው አዳራሽ ጢም ያለው። ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም፤ አዘጋጁ «ከሆዳችሁ አምጡ!» ብሎ መድረክ ላይ ይለቅቀናል። ነጭ ፖሊስ መሆኑ ለእኔ ደረሰኝ። ለምን በሉኝ... ቅድመ አያቴ ከየመን ነው የመጡት ስለሚባል ትንሽ ቀላ እላለሁ። የጎደለውን በዱቄት ሞሉልኝ።

መድረኩ ላይ «ለነጮች ብቻ» የተባለበት አግዳሚ ወንበር አለ። መጥቶ የተቀመጠው ጥቁር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰይድ! ባለፈው ወር ልጄን ከድጃን ብሎ ሽማግሌ የላከብኝ፣ እኔም በዘዴ የመለስኩት ሰይድ! ልጁስ ጨዋ ነው፤ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ከፍቷል። ግን አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው... ኧረ እንዲህ አትዩኝ! እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ተነስ!» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ?»

«ምንም።»

«የግቢዎን በር የሠራሁት እኔ አይደለሁ?»

በሩን እውነትም እሱ ነው የሠራልኝ። ዱቄቱ በላቤ ሊጥ ሆነ።

«ነህ።»

«ታዲያ ለምን አልቀመጥም?»

ከሆዴ አመጣሁ፦ «እኔማ ምን ከፋኝ! ዘመዶቼ ምን ይሉኛል?»

አዳራሹ በፉጨት ቀለጠ። የአጎቴ ልጅማ ወንበር ላይ ወጥቶ «ይሄ ነጭ እርም የለውም!» እያለ ጮኸ። የሰይድ ሽማግሌ የነበሩት ሼህ ይመር ግን ከተቀመጡበት ተነሱ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀጥ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ።

«ይችን ቃል ሳሎንህ ሰምቻታለሁ» አሉኝ። «ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም ብለን እንደቆምን መለስከን።» ከዚያ ሰይድ አጠገብ ዘፍ አሉ። «ይኸው ዛሬ ተቀመጥን። በል አስነሳን!»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው ከድጃ ናት። አይኗን ማየት አቃተኝ። ወላሂ፣ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም! ኮፍያዬን አወለቅሁና «ይቀመጡ ሼህ፣ እሺ ብያለሁ» አልኩ። አዘጋጁ «ትወና ማለት ይሄ ነው!» እያለ አለቀሰ።

በነጋታው ጠዋት የአጎቴ ልጅ ደወለ።

«ለቀጥቃጭ ልጅ ሰጠ የሚሉት እውነት ነው እንዴ? እኛስ ምን እንባላለን?»

«የተረፈ ዱቄት አለኝ» አልኩት፤ «ልላክልህ?»