ለአስካለ እጅ የሚሆን ነገር

ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊቱን ሳይሆን እጁን ተመልክታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ ሥራ ይኸው ነበር። በዚያ የስብሰባ ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልተሰበሰብኩበት አዳራሽ የለም፤ ፊት ሁሉ ወደ መድረኩ ነው፣ እጅ ግን የራሱ ዓለም አለው። አንዱ የክብሪት ሳጥን ይከፍታል ይዘጋል፣ ሌላው የኮቱን ቁልፍ ያሽከረክራል፣ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ትገምዳለች። እነዚህን ማንም "እጃችሁን ሰብስቡ" ብሏቸው አያውቅም። ልጅ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል።

ጉዱ የፈላው እኔ ቤት ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ አስካለ እጇ አያርፍም። በዚህ ብርድ አገር ሰው ሁሉ ሹራብ ለባሽ ነውና፣ ክፍል ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠችውን ልጅ ሹራብ ጫፍ ታገኝና ትተረትራለች። መምህርቷ ስለ ወንዞች ታስተምራለች፣ እሷ ትተረትራለች። አንድ ቀን እስከ ብብቷ የተረተረችባት ልጅ የማን ልጅ ሆና ተገኘች መሰላችሁ? የቀበሌው ሊቀመንበር! ሰውየው አስጠርቶኝ፣ "ጓድ፣ ይሄ ነገር ቤት ውስጥ የተመከረበት ነው?" አለኝ። እንኳን ልመክርበት፣ ሹራብ በየት በኩል እንደሚተረተርም አላውቅ።

መምህርት በላይነሽ ደግ ሰው ናት። "አቶ ታደሰ፣ ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እጇ ሲነካካ ነው ጆሮዋ የሚከፈተው። ድምፅ የሌለው፣ የማይወጋ፣ የማይዋጥ ነገር ይፈልጉላት። ሌላ ሹራብ ከተተረተረ ግን ከትምህርት ቤት መባረሯ ነው፤ እኔም አላስጥላትም" አለችኝ።

ቀላል መሰላችሁ? እስቲ እናንተ ምረጡ። ጠጠር ሰጠኋት፤ ታናሽ ወንድሟ ጉንጩ ውስጥ ከተተውና እናቱ ጣቷን ሰዳ አወጣችው። ቁልፍም ያው ነው። እንዝርት ዓይን ያጠፋል። የሰፈሩ ልጆች የሚያፏጩበትን የጥይት ቀለህማ እንኳን ልሰጣት፣ ሳየውም ያስበረግገኛል። ከአሊዩ አምባ ቅመም እያመጡ የሚሸጡት ወዳጄ ሸህ ይማም ጭንቀቴን ሰምተው ጸሎት የሚቆጥሩበትን የሙስበሃ ዶቃ ከኪሳቸው መዘዙ። "ወላሂ፣ እጅ የሚያሳርፍ እንደዚህ የለም፤ ውሰድላት" አሉኝ። የእናቴ መቁጠሪያም ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። ግን በዚያ ዘመን ልጅ ይህን ይዛ ክፍል ስትገባ አስቡት! ሹራቡ ይሻለኝ ነበር። የሸህ ይማምን እጅ ስሜ መለስኩላቸው። ግራ ገባኝ፤ እኔ ትልቁ ሰውዬ ለአንዲት ፍሬ ልጅ መነካኪያ መምረጥ አቃተኝ።

በመጨረሻ መፍትሔው የተገኘው ከባለቤቴ ቅርጫት ነው። እሷ የመንዝ ልጅ ናት፤ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጸጉር ትፈትላለች። ጸጉሩ ከመፈተሉ በፊት በጣት እየተላላ ገለባው ይለቀማል። አንድ እፍኝ አጥባ አስካለ ኪስ ውስጥ ከተተችላት። ድምፅ የለው፣ አይወጋ፤ ቢቀመስም ወዲያው ይተፋል። ልጄ እሱን እያላላች ስለ ወንዞች ሰማች፤ ቤት መጥታም አንድ በአንድ ጠራችልኝ። ደስታዬን የት ልቻለው!

ምን ያደርጋል፣ አንድ ካድሬ ለጉብኝት ክፍሉ ገባ። እጇን አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" አለ። መምህርት በላይነሽ ደንግጣ፣ "ጓድ፣ ትምህርትን ከምርት ጋር እያዋሃድን ነው" አለች። ሰውየው አጨበጨበ። በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ የበግ ጸጉር ይዞ እንዲመጣ ተወሰነ፤ በየጠዋቱ በቡድን ይላላል፣ ይመዘናል። አስካለም የቡድን መሪ ተብላ ስሟ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተጠራሁ።

"አቶ ታደሰ፣ እኔ ግራ ገብቶኛል" አለች መምህርቷ። "እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ጸጉሩን አትነካ፣ ሌላ ነገር አትነካ። ያስተማርኩትንም ስጠይቃት አታውቀውም። ጓዶቹ ደግሞ አድማ ነው እንዳይሉብን ፈራሁ።"

የሰባት ዓመት አድመኛ! ቤት ገብቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"አስኩዬ፣ ያን ያህል ትወጂው አልነበር እንዴ?"

"ያኔማ የኔ ነበራ፣ አባዬ" አለችኝ።

ይህን ለካድሬው ሄጄ እንዴት ላስረዳው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እንዳትባረርብኝ ያን ሁሉ የዳከርኩት ሰውዬ፣ "ልጄ ታማለች" ብዬ በገዛ እጄ ከትምህርት ቤት አስቀረኋት።