ሰባተኛው ሞዴልና የመምህር መሳፍንት ዳማ

[እንጅባራ፤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር። ካፊያው የጥበቃ ቤቷን ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ እየነካካ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ መሳፍንት የደብተር ግማሽ የምታህል መጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያውን፣ ያቺን «ኢ-ሪደር» የሚላትን፣ ከፍ አድርጎ ይዟል። ጥበቃው ጋሼ ውዱ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡታል። የአባቱ ወዳጅ ነበሩ፤ አባቱ ሲሞቱ የተዉትን ዳማ ፈረስ እስከ ዛሬ የሚቀልቡትም እሳቸው ናቸው። መሳፍንት ምክር ሊጠይቅ አልመጣም። የወሰነውን ሊያስረዳ ነው የመጣው፤ ማስረዳት ደግሞ ይወዳል።]

መሳፍንት፦ ሰባተኛው ሞዴል ወጥቷል እያልሁዎት እኔ አራተኛውን ታቅፌ ልኑር?

ውዱ፦ ማን ወጣ አልህ?

መሳፍንት፦ ሞዴል! አዲስ ሞዴል!

ውዱ፦ እሰይ! የማን ልጅ ነው? አምናም ከጎረቤታችን ከግምጃ ቤት ነበር የተመረጠው። ድንቹን በመስመር ተከለና ቀበሌው ምስክር ወረቀት ሰጠው።

መሳፍንት፦ ሞዴል አርሶ አደር አላልሁም!

ውዱ፦ ታዲያ ተማሪ ነው?

መሳፍንት፦ ዕቃ ነው ጋሼ፣ ዕቃ! ይኸ የያዝሁት መሣሪያ በየጊዜው ይሻሻላል። የእኔ አራተኛው ነው፤ አሁን ሰባተኛው ላይ ተደርሷል።

ውዱ፦ አምስተኛውና ስድስተኛው ምን ሆኑ?

መሳፍንት፦ አመለጡኝ።

ውዱ፦ ሁለቱ ካመለጡህ ሦስተኛው ቢጨመር ምን ትሆናለህ?

[መሳፍንት በረጅሙ ተነፈሰ። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር የሚጠቀምባትን ዝግ ያለች ድምፅ አወጣ።]

መሳፍንት፦ ቀስ ብዬ ላስረዳዎት። ዳንግላ ያለው ነጋዴ፣ ሲሞን፣ ሰባተኛው ሞዴል እጁ ገብቷል። ይችን አሮጌዋንና ዳማውን ይወስድና አዲሷን ይሰጠኛል።

ውዱ፦ [ከበርጩማው ብድግ ብለው] የትኛውን ዳማ?

መሳፍንት፦ ስንት ዳማ አለኝ?

ውዱ፦ የአባትህን ፈረስ? በዚች ጣውላ?

መሳፍንት፦ ጣውላ አይደለችም፤ ቤተ መጻሕፍት ናት! አዲሷ ሃያ ሺህ መጽሐፍ ትይዛለች።

ውዱ፦ ይችኛዋስ?

መሳፍንት፦ ሦስት ሺህ።

ውዱ፦ ሞልታ ፈሰሰችብህ?

መሳፍንት፦ አልሞላችም።

ውዱ፦ ስንት ገባባት?

መሳፍንት፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አሥራ አንድ። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም! ጥያቄው አቅም ነው። ባትሪውን ይስሙ ደግሞ። አንዴ ከሞላ ሁለት ወር ይቆያል።

ውዱ፦ [ፊታቸው በርቶ] ይኸማ ደግ ነገር ነው! የእኔ ባትሪ ድንጋዩን በሳምንት ነው የሚጨርስ። እስከ አጥሩ ጥግ ያበራል?

መሳፍንት፦ የእጅ ባትሪ አይደለም! ውስጧ ያለው ነው።

ውዱ፦ ውስጥ ውስጡን ካበራ ሌባው በምን ይታየኛል?

መሳፍንት፦ ለሌባ አልተሠራም! ለንባብ ነው። በጎኑ ደግሞ ቁልፍ አለው።

ውዱ፦ ቁልፍ ካለውማ አንዱን እኔ ጋ ታስቀምጣለህ። የሁሉም ክፍል ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

መሳፍንት፦ ገጽ መግለጫ ቁልፍ! በጣት ጫን ሲሉት ገጹ ይገለጣል።

ውዱ፦ ይችኛዋ አትገለጥም?

መሳፍንት፦ ትገለጣለች። በመንካት።

ውዱ፦ አሁን ትነካለህ፤ ያን ጊዜ ትጫናለህ። ለዚህ ነው ፈረስ የሚሄድ?

[መሳፍንት ካፊያው ውስጥ አንድ እግሩን አውጥቶ መልሶ አስገባ። እኚህን ሰው ማሳመን ካቃተው ነገ በአካባቢው ማን ይሰማዋል? ከሁሉ ይበልጣል ያለውን መዘዘ።]

መሳፍንት፦ እሺ፣ ውሃ እንደማያስገባስ ያውቃሉ? ዘንገና ሐይቅ ውስጥ ብትወድቅ እንኳ አትበላሽም።

ውዱ፦ ዘንገና የገባ ነገር ተመልሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ታች ሆና ሳትበላሽ ብትኖር ማን ያነብባታል?

መሳፍንት፦ ምሳሌ ነው!

ውዱ፦ እኮ፣ አትጣላት።

መሳፍንት፦ ብትጠፋም ችግር የለም። መጽሐፎቼ ደመና ላይ ናቸው።

ውዱ፦ [አንገታቸውን በበሩ አውጥተው ሰማዩን ቃኙ] በየት በኩል?

መሳፍንት፦ የኢንተርኔት ደመና ነው! እዚያ ይቀመጣሉ፤ ስፈልግ አወርዳቸዋለሁ።

ውዱ፦ ሰው እዚህ እንጅባራ ላይ ተቀምጦ ደመና ይቸግረዋል? ሰኔ ከገባ ጀምሮ አናታችን ላይ ነው። እስካሁን ለምን አልወረዱም?

መሳፍንት፦ ኔትወርክ የለማ!

ውዱ፦ ኔትወርኩን ምን ነካው?

መሳፍንት፦ ደመና ሲበዛ ይጠፋል!

[መሳፍንት ያለውን ነገር ራሱ ሰማው።]

ውዱ፦ እንግዲህ በደንብ ገባኝ። መጻሕፍቱ ያሉት ደመና ላይ ነው። የማይወርዱትም በደመናው ነው።

መሳፍንት፦ አልገባዎትም!

ውዱ፦ አልገባኝም በለኝ፣ ግድ የለም። ጥር ላይ ለበዓሉ የአገው ፈረሰኞች ሜዳ ሲወጡ ዳማውን ማን ይዞት ሊወጣ ነው? አባትህ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ሜዳ አልቀረም። አሞትም እንኳ ወጥቷል።

[መሳፍንት ፊቱን አዞረ። አባቱ ቁምጣቸውን አሳምረው፣ ዳማውን በቀይ ጥለት ሸልመው በሕዝቡ ፊት ሲያልፉ ድንገት ትዝ አሉት። ጉሮሮውን ጠርጎ አባረራቸው።]

መሳፍንት፦ ዓለም ወደፊት እየሄደ ነው ጋሼ።

ውዱ፦ ዳማውም ወደፊት ነው የሚሄድ።

መሳፍንት፦ እሺ፣ በዓይንዎ ይዩና ይፍረዱ። እንኩ፣ ይያዟት። ፊደሉ ይታይዎታል?

ውዱ፦ [አስጠግተው፣ አርቀው፣ ደግሞ አስጠግተው] ጉም የወረደበት ይመስላል።

መሳፍንት፦ ይኸውልዎት! ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኔ እንባ እያዘነበ ታገስሁ። ቀለሟ አልቋል።

ውዱ፦ ቀለም ከሆነ አይሞላም?

መሳፍንት፦ አይሞላም! የኤሌክትሮኒክ ቀለም ነው። ይኸ የቴክኖሎጂ እርጅና ይባላል። ባለፈው ዓርብ በመምህራን ስብሰባ ላይ ግማሽ ሰዓት አስረድቼበታለሁ። ርዕሰ መምህሯ እንኳ ማስታወሻ ይዘዋል።

ውዱ፦ እርጅና ነው እንግዲህ።

መሳፍንት፦ እርጅና ነው። መድኃኒት የለውም።

[ውዱ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። መሳፍንት አሸነፍሁ ብሎ ስልኩን አወጣ። ሽማግሌው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ነገሩን መጨረስ ፈልጓል።]

መሳፍንት፦ ሃሎ፣ ሲሞን! አዎ፣ ቆርጫለሁ። ነገ መጥተህ ፈረሱን ጫነው። ... አዎ፣ ከነኮርቻው።

ውዱ፦ [መሣሪያዋን በጋቢያቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆይተው] መምህር፣ ይች ጥጉ ላይ ብድግ ያለችው ምንድን ናት?

መሳፍንት፦ [ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ] አይንኩት! እሱ ስክሪኑ ነው! ... አንተን አይደለም ሲሞን።

ውዱ፦ እየተላጠ ነዋ።

መሳፍንት፦ ስክሪን አይላጥም! ይተዉት! ጋሼ፣ ይተዉት እያልሁ...

[ጨርርር። አንድ ስስ ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ተላቆ በውዱ ጣቶች መካከል ተንጠለጠለ። የሦስት ዓመት የጣት ቅባት፣ ጭስና አቧራ ተጭኖበታል።]

መሳፍንት፦ ገደሏት! ኧረ ሰው ጥሩ! ዓይኗን አወጡት!

ውዱ፦ [ላስቲኩን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው] ዓይኗ አይደለም። ሞራዋ ነው የተገፈፈ።

[መሳፍንት መሣሪያዋን ነጠቃቸው። ሊጮህ ሲል ገጹን አየ። ፊደሎቹ ዛሬ ጠዋት ከማተሚያ ቤት የወጡ ይመስል ጥቁር ብለው ተሰልፈዋል። የገጹ ዳርቻ ነጥቷል። ፋብሪካው ለመንገድ ብሎ የለጠፈውን ላስቲክ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዞት ዞሯል።]

ውዱ፦ [በትከሻው ላይ አዘንብለው] አሁንማ ለእኔም ያለ መነጽር ታየኝ። ቆይ፣ እታች ጥጉ ላይ ያለችው ምንድን ናት? የሁለት ቁጥር፤ ከዚያ የመቶኛ ምልክት።

መሳፍንት፦ እሱ... ባትሪው ነው። እያለቀ ነው።

ውዱ፦ ባትሪዋስ እላይ ተስላለች። ዘጠና ትላለች።

መሳፍንት፦ [እየሳለ] ከመጽሐፉ የተነበበው ነው።

ውዱ፦ ከመቶው ሁለት? በሦስት ዓመት?

መሳፍንት፦ ጉም ነበረበት አላልሁዎትም?

[ከስልኩ ውስጥ «ሃሎ! ሃሎ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሲሞን አልዘጋም።]

መሳፍንት፦ [ወደ ስልኩ] ሲሞን፣ ነገ እንዳትመጣ። ... አይ፣ ፈረሱ ደህና ነው። ... መሣሪያዋም ደህና ናት። ... ቀለሟ አላለቀም አልሁህ። ላስቲክ ነበረባት። ... ላስቲክ! ከፋብሪካ የመጣው! ... አትሳቅ እንጅ! ... ሲሞን፣ ለማን ነው የምትነግረው?

[የዳንግላው ሳቅ በጥበቃ ቤቷ ሙሉ ተሰማ። መሳፍንት ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማው ላይ እሱ ተቀመጠ፤ ውዱ ቆመው ያዩታል።]

ውዱ፦ ዳማውስ?

መሳፍንት፦ ይቀመጥ። ጥር ላይ... እርስዎ ይዘውት ይውጡ።

ውዱ፦ [ድምፃቸው ሰለል ብሎ] ዕድሜ ይስጥህ ልጄ። አባትህ ይኸን ቢሰማ።

መሳፍንት፦ ብቻ ጋሼ፣ ይኸ ነገር በእኛ መካከል ይቅር። ለርዕሰ መምህሯ በተለይ እንዳይነግሩ።

ውዱ፦ እኔ ምን አውቄ ነው የማወራው?

መሳፍንት፦ [ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ፤ ድምፁም የክፍሉን ድምፅ መሰለ] ደግሞ ሳላውቀው ቀርቼ እንዳይመስልዎት። ላስቲኩን ሆን ብዬ ነው የተውሁት። እንዳትጎዳ ብዬ።

ውዱ፦ በምን እንዳትጎዳ? በንባብ?