ቤንዚን የጨመረበት ፈረስ

በዚህ አገር ቤንዚን የማይጠጣ ፍጡር የለም… ፈረስም ቢሆን! «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው!» እንዳትሉኝ፤ ሰሞኑን እዚሁ ዳንግላ የገጠመኝን ስሙኝማ።

የእህቴ ልጅ የአቶ ፈንቴን ልጅ ወድዶ እንቅልፍ አጥቷል። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ልሄድ በተነሣሁበት ጠዋት ሌሎች ሽማግሌዎችም ለሌላ ልጅ ሊጠይቋት እንደሚሄዱ ሰማሁና፣ ልቅደማቸው ብዬ ሞተሬን ባስነሣት አልነሣም አለች! ጠብታ ቤንዚን የላትም። እየገፋሁ ማደያ ደረስኩ።

«ምነው እንዲህ ተወደደ?» አልኩት ቀጂውን።

«ቀረጥ አለ፣ ኤክሳይዝ አለ፣ የመንገድ ፈንድ አለ… በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።»

«ታክሱም ታክስ ይከፍላል?»

«ምን ያድርግ፣ ሕግ ነው!»

«እንግዲያው ቤንዚኑን ብቻ ቅዳልኝ፤ ታክሱ ይቅርብኝ!»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ቀጂው ግን አልቀዳልኝም። ተናድጄ ሞተሬን እዚያው አቆምኩና የአያ ሙላትን ጋሪ ጠራሁ። ፈረስ ምን ታክስ አለበት? ብዬ እኮ ነው! ሂሳቡን ሲነግሩኝ… ከድጡ ወደ ማጡ!

«አያ ሙላት፣ ምነው ጨመሩ?»

«ቤንዚን ጨምሯላ!»

«ፈረስዎ ቤንዚን ይጠጣል እንዴ?»

«እሱስ ድርቆሽ ነው የሚበላው። ድርቆሹን የሚያመጣው አይሱዙ ግን ድርቆሽ አይበላም!»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ጋሪው ላይ ወጣሁ። ከከተማው ወጣ ስንል ምን ብናይ ጥሩ ነው… እነዚያ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን እንዳደገደጉ ቤንዚን ያለቀበት ባጃጅ ይገፋሉ! አያ ሙላት አዘኑላቸውና ጫኗቸው፤ በሂሳብ ነው ታዲያ! ተቀናቃኞቹ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን አቶ ፈንቴ ደጅ ደረስን።

በወጉ መሠረት ቆመን «ልጅዎን ለልጃችን!» አልን፤ ሁለታችንም ወገን ባንድ አፍ። አቶ ፈንቴ እኛን ትተው ፈረሱን ዙሪያውን ያዩታል።

«ልጆቻችሁ ምን አላቸው?»

«ሞተር ይገዛል!» አልኩ።

«ባጃጅ አለው!» አሉ እነዚያ።

«እናንተስ በምን መጣችሁ?»

ዓይናችን ሁሉ ወደ አያ ሙላት ጋሪ ዞረ።

«አንተ ሙላት፣ ያ ልጅህ አግብቷል?»

«ኧረ ገና ነው!»

ከጓዳ የልጅቷ ሳቅ ተሰማ… ለካስ እሷም ልቧ የአያ ሙላት ልጅ ዘንድ ኖሯል!

የእህቴን ልጅ ምን ልለው ነው እያልኩ ወደ ጋሪው ተመለስኩ። የመመለሻው ሂሳብ ከመምጫው በለጠ።

«አያ ሙላት፣ አሁንም ቤንዚን ጨመረ?»

«ኧረ የለም፤» አሉ ልጓሙን እያስተካከሉ፣ «ሠርግ ደረሰብኝ!»