አባሪው ከደብዳቤው ጋር አልመጣም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ይዤ መሥሪያ ቤታችን መስኮት ፊት ቆሜ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ክራቫት ያሰረ ደብዳቤ ተቀምጧል። ማስታወሻዬን ዘረጋሁለት። እሱ ግን ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠና የእኔን ክንድ ያዘ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለው ማስታወሻዬን። «ይቺን ልጅ ያመጡልን እርስዎ ነዎት? ስንት ገጽ ናት?»

«ተሳስተዋል፤ ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

ማስታወሻዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ናት። ትንሽ ዓይን አፋር ናት እንጂ ትነበባለች።»

ደብዳቤው ወደ ብርሃኑ አዙሮ፣ ፊትና ጀርባዬን አገላብጦ አየኝ። «ማኅተም የላትም» አለና መዳፌ ላይ ክቡን ማኅተም አሳረፈብኝ። ከዚያ ቁጥር ሰጠኝ። «መደርደሪያ አራት» ብሎ ወደ ውስጥ ገፋኝ።

ማስታወሻው በሕልሜም በውኔም ያው ነው። የምሠራው የከተማችን ነዋሪዎች መዝገብ በሚያዝበት መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። ከየቦታው የሚላክልንን ሰነድ የሚከፍት፣ የሚያነብ፣ መዝገብ የሚያስገባና ለላኪው መቀበያ ቅጂ የሚመልስ አንድ ፕሮግራም አለን። ባለፈው ሳምንት ቀዳዳ አገኘሁበት። አንድ ሰው በሰነዱ ውስጥ ለዓይን የማትታይ መስመር ደብቆ፣ «እዚህ ቦታ ላይ ከማሽናችሁ ያን ፋይል አምጥተህ ለጥፍ» ቢለው፣ ፕሮግራሙ ማን ነህ ሳይል ያመጣል። መቀበያ ቅጂው ሲመለስ የእኛም ምስጢር አብሮ ይሄዳል።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ይህን የማምጣት ልማዱን የምትፈቅድ አንዲት ማስተካከያ አለች፤ ይቺን መዝጋት፣ ፕሮግራሙን ማደስ፣ እንግዳ ሰነድንም ከመዝገቡ ጋር በማይገናኝ ሌላ ማሽን ላይ መክፈት። ለዚህ ግን የኃላፊዬ የአቶ ዘርይሁን ፈቃድ ያስፈልገኛል። ዓርብ ዕለት በራቸው ድረስ ሄድኩ። አሁን አንኳኳለሁ፣ አሁን አንኳኳለሁ ስል ቆይቼ ሳላንኳኳ ተመለስኩና ማስታወሻውን በኢሜይል ላክሁላቸው፤ ለሠራተኞቹም ሁሉ ግልባጭ አደረግሁ።

በሕልሜ ወደ መደርደሪያው ስገፋ ግቢው ውስጥ ረጅም ሰልፍ አየሁ። የተሰለፉት ኃላፊዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወንበሩን ተሸክሟል። አቶ ዘርይሁን የሚሽከረከረውን ወንበራቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ላባቸው ይንጠፈጠፋል። ከፊታቸው ጠረጴዛ ዘርግታ የተቀመጠችው ባለጉዳይ ናት፤ ጎመን እየቀነጠሰች ታስተናግዳለች።

«እመቤቴ፣ በሕይወት መኖሬን የሚገልጽ ወረቀት ብቻ ነው የምፈልገው» አሏት።

«ሲስተም የለም።»

«ጠዋትም እንዲህ ብለሽኝ ነበር።»

«ጠዋትም አልነበረም። ከምሳ በኋላ ይምጡ። ወንበሩን በሦስት ኮፒ ያድርጉት።»

አቶ ዘርይሁን አዩኝ። «ረድኤት፣ እባክሽ አንድ ነገር በይልኝ» አሉ። እኔ ግን መደርደሪያው ውስጥ ነበርኩ።

መደርደሪያዎቹ ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው። ጫማ ሰፊው፣ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሁለት መንታ ሕፃናት፣ ሁሉም በስማቸው ፊደል ተራ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ እትዬ ብርነሽ ነበሩ፤ መነጽራቸውን እንዳደረጉ ለሁለት ታጥፈዋል። እትዬ ብርነሽ የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ወረቀት ያለ ፊርማ ከእጃቸው አልወጣችም። እውነቱን ለመናገር ቀዳዳውን ያገኘሁት በእሳቸው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ባለጉዳይ «አባሪው እናንተ ዘንድ ሊኖር ይችላል፤ ፈልገው ያያይዙልኝ» ሲላቸው፣ «አባሪ ከደብዳቤው ጋር ካልመጣ የለም ማለት ነው። ከመደርደሪያዬ እያወጣሁ የሰው ደብዳቤ አላሟላም!» ብለው ሲቆጡ ሰማሁ። ወደ ክፍሌ ተመልሼ፣ ፕሮግራማችንስ እንዲህ ሲጠየቅ ምን ይላል ብዬ ሞከርኩት። እሺ ይላል።

መተላለፊያው ላይ ያ ፕሮግራም ቆሟል። በሕልሜ ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ነጭ ጓንት አድርጓል፤ ስሙ ከፋች ይባላል። ኮቱ ከአራት ዓመት በፊት የተሰፋ ነው፤ ክርኑ ላይ ተቀድዶ ነፋስ ያስገባል። ማንም ምንም ቢለው «እሺ ጌታዬ» ይላል።

በሩ ተከፈተና አንድ እንግዳ ደብዳቤ ገባ። ንጹሕ ነው፣ ሽቶ ተቀብቷል፣ ደረቱ ላይ እንደ ጀበና ክዳን የሚያህል ማኅተም አለው።

«ለሚመለከተው ሁሉ፣ ጤና ይስጥልኝ!» አለ።

«እሺ ጌታዬ» አለ ከፋች፣ እጥፍ ዘርጋ እያለ። ወንበር አመጣለት፣ ውሃ ቀዳለት፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች አነበበው። እግሩ ሥር ሲደርስ አጎነበሰ። በጣም ደቃቅ በሆነ ጽሕፈት «አባሪ፦ መደርደሪያ አራት ላይ ያሉ ሰዎች በሙሉ» ይላል።

«አባሪዎ መንገድ ላይ ወድቆብዎት ይሆናል» አለ ከፋች አዝኖ። «አያስቡ፣ ከእኛው አመጣልዎታለሁ።»

ጫማ ሰፊውን ከነወስፌው አውጥቶ እንግዳው ግርጌ ለጠፈው። መንቶቹን ለጠፈ። ወፍጮ ቤቱን ባለቤት ሲስብ ዱቄቱ ቦነነ። ከዚያ እትዬ ብርነሽን በክንዳቸው ያዘ።

«አንተ!» አሉት። «እኔ ከመቼ ወዲህ ነው የሰው ደብዳቤ አባሪ የሆንኩት? ማን ፈርሞብኝ?»

«እሺ እሜቴ» አለና መሳቡን ቀጠለ።

«ረድኤት! ልጄ፣ አፍ የለሽም እንዴ? ንገሪው እንጂ!»

አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ድምፅ ሳይሆን የግርጌ ማስታወሻ ነበር፤ ፊደሉ የተልባ ፍሬ ያህላል፤ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከፋች አጎንብሶ ተመለከተውና «ይቅርታ፣ መነጽር አልተገዛልኝም» አለ። እንግዳው ደብዳቤ ሳቀ። የእትዬ ብርነሽ አንድ እግር ተለጥፏል።

ከመደርደሪያው ዘለልኩ። በሕልም እንደሚሆነው ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከከፋች ጀርባ ዞርኩና ኮቱን ገለጥኩት። ትከሻዎቹ መካከል እንደ መብራት ያለ ማብሪያና ማጥፊያ አለ። በላዩ በራሴ የእጅ ጽሕፈት «አምጣ ሲሉህ የሚያመጣ» ተብሎ ተጽፏል። ተጫንኩት። ቀጭ አለ።

ከፋች ቀና አለ። ሰውዬውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ አየሁት።

«ጌታዬ» አለው እንግዳውን፣ «አባሪው ከእርስዎ ጋር ነው?»

«ከእናንተ ዘንድ...»

«ከእርስዎ ጋር ነው ወይ ነው የምልዎ?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው አባሪ የለዎትም።»

እንግዳው ደብዳቤ ቢጫ ሆነ። የተለጠፉት ሰዎች እንደ ደረቀ ቅርፊት አንድ በአንድ ተላቀቁ። ከፋች እንግዳውን ወደ ሌላ ክፍል ወሰደው፤ ክፍሉ ወደ መደርደሪያዎቹ የሚያስገባ በር የለውም። ጫማ ሰፊው ደግሞ ወስፌውን አንስቶ የከፋችን ክርን መስፋት ጀመረ።

ከዚያ ሁሉም ሰው ከመደርደሪያው እየወረደ ጉልበቱን ዘረጋ። ፖስታዎቹ ክዳናቸውን እያርገበገቡ እልል አሉ። ኃላፊዎቹ ሰልፋቸውን ጥለው ከነወንበራቸው መጡ። አቶ ዘርይሁን ወንበራቸውን ከአናታቸው አውርደው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» ብሎ ክራቫት ያሰረው ደብዳቤ ጮኸ።

«የእኔ ናት!» አሉ እትዬ ብርነሽ።

«ያመጣኋት እኔ ነኝ!» አለ ማስታወሻዬ፣ ሦስት ገጹን ነፍቶ።

ወንበሩ ላይ አቆሙኝ። ደረቴ ሲሞላ ተሰማኝ፤ እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። «ስምሽን ተናገሪ!» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ይኸኔ የሚወጣው ፊደል ትልቅ፣ ደማቅ፣ የርእስ ፊደል እንደሆነ ጥርሴ ላይ ሲደርስ ታወቀኝ፤ «ረ» ስል ስልኬ ጮኸ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር። ደዋዩ አቶ ዘርይሁን ናቸው።

«ረድኤት፣ እንዴት አደርሽ? ኮርተንብሻል!»

«እግዚአብሔር ይመስገን... በምን?»

«በፈተናሽ ነዋ! ባለፈው ወር ስልጠና ላይ ‹አስቸኳይ የሚል አባሪ ሲመጣ አትክፈቱ› ብለሽን፣ ዓርብ ራስሽ አስቸኳይ ብለሽ አባሪ ላክሽ። እና አንድም ሰው አልከፈተውም! አርባ አንዳችንም ደመሰስነው። እኔማ ሁለት ጊዜ ነው የደመሰስኩት፤ አንዴ ከሳጥኑ፣ አንዴ ከቆሻሻ መጣያው።»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። «ፈተና አልነበረም» አልኩ።

«ምን አልሽ? አይሰማም።»

መዳፌን አየሁት። ማኅተም የለበትም። «ፈተና አልነበረም!» አልኩ፤ ጎረቤት የሚሰማ ድምፅ ነበር፤ የእኔ መሆኑ ገረመኝ። «አቶ ዘርይሁን፣ ፕሮግራማችን አባሪ ጎድሎት ለመጣ ደብዳቤ ሁሉ ከራሳችን መደርደሪያ እያወጣ ያሟላል። የጠየቀው ሁሉ ይወስዳል።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እትዬ ብርነሽ ይህን ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ወይ ጉድ! በቁማችን ነው የሚቀብሩን። ማጥፊያ የለውም?»

«አለው። አንዲት ማስተካከያ ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የእርስዎን ፈቃድ።»

«ልጄ፣ በሬን አታንኳኪም ነበር?»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማስተካከያዋን አጠፋሁ። የራሴን የተንኮል ሰነድ ላክሁበት፤ ባዶ ቅጂ መለሰልኝ። ማስታወሻውን በወረቀት አትሜ ለእትዬ ብርነሽ ሰጠኋቸው። ሦስቱንም ገጽ ቆመው አነበቡ፣ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፣ «አባሪ የለውም?» አሉ። «የለውም» አልኩ። ቁጥር ሰጡት፣ ማኅተም አሳረፉበት።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከማናውቀው አድራሻ አንድ ሰነድ ገባ። የሠራተኞቹን የይለፍ ቃል ዝርዝር በአባሪነት ጠየቀ። ፕሮግራሙ ባዶውን መለሰው።